እንግዳው ጠርሙስ

ከየቤቱ የምግብ ናሙና የምትሰበስበው ወጣት ከላቦራቶሪው ስትወጣ ደረጃው ላይ ከአጎቷ ጋር ተገጣጠመች። አጎትየው ውዳቂ ብረት እያቀለጡ ድስት የሚሠሩ ሰው ናቸው፤ አንዱ ድስታቸው ከአራተኛ ፎቅ ሲወድቅ የተሰረጎደው አስፋልቱ ነው ብለው ይምላሉ።

«እንኳን አገኘሁሽ! የዛሬውን ይዤልሽ መጣሁ» ብለው የናሙናውን ጠርሙስ አቀበሏት።

ከፈተችው። የተጠበሰ ሥጋ፤ በላዩ ላይ ለጌጥ የተከተፈ እንቁላል።

«ጋሼ፣ ሦስተኛ ቀን ሥጋ? ትናንት እቤት ምን በላችሁ?»

«ምስር በቲማቲም። ሌላ ምን ይበላል?»

«ታዲያ ምስሩ የታለ?»

«ነውር እወቂ እንጂ ልጄ! ከስንት ምሁር ቤት ለመጣ እንግዳ ጠርሙስ ምስር ይቀርባል?»

ራሷን በሁለት እጇ ያዘች። «ከዕለት ምግባችሁ፣ ከዚያው ድስት፣ አንድ ጭልፋ» ብላ ያልለመነችው ቤት የለም። በጠርሙሶቹ ከተፈረደ ግን ሰፈሩ ዓመቱን ሙሉ ሠርግ ላይ ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ይህ ሰፈር ደግሞ በሽታውን በሥጋ ሸፍኖ ነው የደበቀው።

«በየትኛው ድስት ጠበሳችሁት?»

«ከጎረቤት በተዋስነው። የኛው ጠቁሯል፣ ያሳፍራል።»

«ወይ ፈተና! የምፈልገው እኮ እሱን ነው። የልጅ ልጅዎ ደም ውስጥ ሐኪሙ እርሳስ አግኝቷል፤ ጠርሙሱ ግን ንጹሕ ነኝ ይለኛል። ከየት እንደገባ በምን ልወቅ?»

አጎትየው በሳቅ ፈነዱ። «እርሳስ? እሰይ! እኔ ከሦስተኛ ክፍል የቀረሁት እርሳስ አጥቼ ነው። እሷ በደሟ ይዛው ከዞረችማ ፕሮፌሰር ናት!»

«በፈጠረዎት ጋሼ! የሚጽፈውን አይደለም፣ ማዕድኑን ነው የምልዎት። ድስቱን ከምን ሠሩት?»

«ከተገኘው ነዋ። የሞተር ክዳን፣ ራዲያተር፣ የባትሪ ቁራጭ...»

«ይኸው! ባትሪና ራዲያተር እርሳስ አለባቸው። ቲማቲም ኮምጣጣ ነው፤ ሲንተከተክ እርሳሱን ከድስቱ እየላሰ ይወስዳል። አይታይም፣ አይቀመስም፤ የሕፃን አእምሮ ግን ይጎዳል።»

አጎትየው የሥጋውን ጠርሙስ ከእጇ መልሰው ወሰዱ።

«ትናንት ያስጠናኋትን ፊደል ዛሬ ትረሳዋለች» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ደግሞ ሰነፍ እያልኩ...»

«በሱ ነው አልልም ገና። ምስሩን የምለምንዎት ለዚህ ነው።»

በማግስቱ ምስር መጣ፤ ትንሽ አሯል፣ ጌጥ የለውም። ውጤቱ ሲወጣ እርሳሱ ከዚያው ከጥቁሩ ድስት መሆኑ ታወቀ። አጎትየው ድስቱን በገዛ መዶሻቸው ጨፈለቁት፤ ባትሪና ራዲያተርም ከዚያ ወዲህ ደጃፋቸውን አልረገጡም። ከወራት በኋላ የልጅቷ ደም እንደገና ሲመረመር እርሳሱ ቀንሶ ተገኘ።

ስለ አስፋልቱ መዋሸታቸውን አልተዉም። ግን በየበሩ እየዞሩ እንዲህ ይላሉ፦

«ጎረቤቶቼ፣ ጠርሙሱን አትጋብዙት! የምትበሉትን ስጡት፤ የትኛው ምግብ፣ የትኛው ድስት እንደሚጎዳችሁ የሚነግራችሁ ያኔ ነው። እርሳስ ሁለት ነው፦ አንደኛው ይጽፋል፣ ሌላው የተጻፈውን ያጠፋል። እኔ ለልጄ ልጅ ሳቀልጥ የኖርኩት የሚያጠፋውን ነበር።»