ግራጫ ያልተቀባው ፊት

ከሬኒየር ቫሊ በተሳፈርኩበት አውቶቡስ ከኋላዬ አንዲት ወጣትና ቀለም የነካው ቱታ የለበሱ አንድ አዛውንት ያወራሉ።

«አለቃዬ ግድግዳ ላይ የተሞነጫጨረውን ግራፊቲ አጥፋ አለኝ። ቢከን ሂል ያለውን ግድግዳ ግራጫ ቀባሁት።»

«ሶ፣ ምን ችግር አለው አባባ?»

«አጥፋ የተባልኩት ለካ የጓሮውን ኖሯል! የፊት ለፊቱን ፖርቱጋላዊ ሰዓሊ ተጋብዞ ነው የሳለው። በአገሩ ግራፊቲ ከጀመሩት አንዱ ነው አሉ።»

«ወይኔ! ሁሉንም አጠፉት?»

«ፊቷ ብቻ ቀረ። የተከናነበች ሴት ናት፤ እመቤታችን መስላኝ እጄ እምቢ አለኝ።»

«ሰዓሊውስ?»

«ትናንት መጥቶ አየው። ወጣት ሳለ የሳለውን ሁሉ ያጠፉበት ነበር፤ ፊት የተወለት ግን አንድም ሰው የለም አለኝ። አቅፎኝ አለቀሰ። ስሜንም ግድግዳው ላይ ከስሙ ጎን ጻፈው።»

«ኦኬ፣ ታዲያ ፋየር አያደርጉዎትማ!»

«አለቃዬ ደግሞ ዛሬ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ። ልመሰገን ነው ልባረር፣ ግራ ገብቶኛል ልጄ።»

«ሴትዮዋስ ማን ናት?»

«እናቱ ናት። ዓሣ ትሸጥ ነበር አለኝ።»

በየማለዳው በዚያ ግድግዳ በኩል ሳልፍ የማማትበው እኔ፣ ቀኝ እጄን ቀስ ብዬ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።