ደንገጎን የሚወጣ ራዲያተር

ድሬዳዋ፣ ከዚራ። ከባቡር ጥገና ጡረታ የወጡት አቶ ልሳኑና እሁድ ሐረር ለሚኖረው ሲራክ የምትዳረው ልጃቸው ምንትዋብ፣ እሷ ሞተር የለወጠችላትን አሮጌ ፔዦ 404 ኮፈን ከፍተው፣ ሁለት ራዲያተር መሬት ላይ አጋድመው ይጨቃጨቃሉ።

ምንትዋብ፦ ይሄንንም አልወደድከውም? ደግሞ ምን አገኘህበት?

ልሳኑ፦ ቀጭን ነዋ! እስቲ እይው፣ ብስኩት አይመስልም? ራዲያተር ማለት የዱሮው ነው።

ምንትዋብ፦ የዱሮው ለዱሮው ሞተር ነበር። አሁን ያስገባሁት ከሚኒባስ የወጣ ነው አባባ፤ ጉልበቱም ሙቀቱም ሌላ ነው። የዱሮውን ብንመልስለት የደንገጎን ዳገት ሳንጋመስ ይፈላል።

ልሳኑ፦ ይፍላ! ውሃ እንጨምርለታለን። በኛ ጊዜ ጀሪካን ሳይዝ ሐረር የሚወጣ ሰው ነበር እንዴ?

ምንትዋብ፦ በቬሎ ወርጄ ጀሪካን ልሸከም?

ልሳኑ፦ ሚዜዎቹ ምን ሊሠሩ ነው የሚመጡት ታዲያ?

ምንትዋብ፦ አቦ አባባ! እሺ፣ ትልቁስ? ሞተሩ ከወጣበት ከራሱ ሚኒባስ የተፈታ ነው። ቱቦዎቹ ልክክ ይላሉ፤ ማራገቢያውም አብሮት አለ።

ልሳኑ፦ አይገባም።

ምንትዋብ፦ ይገባል። ይቺን ከፊት ያለችውን ብረት ቆርጬ፣ አራት ጣት ያህል ወደፊት ካስጠጋሁት...

ልሳኑ፦ ፊቷን? የመኪናዬን ፊት በግራይንደር? አንቺ ልጅ ጤና የለሽም።

ምንትዋብ፦ ከፍርግርጉ ኋላ ያለ ብረት እኮ ነው። ከውጪ አይታይም።

ልሳኑ፦ ለኔ ይታየኛል። ኮፈኑ ተዘግቶም ይታየኛል። አንቺን ከሆስፒታል ያመጣሁሽ በዚች ነው። እናትሽ ከኋላ አቅፋሽ «ቀስ በል፣ ቀስ በል» ስትለኝ፣ ጋሪ ሁሉ ቀድሞኝ ሄደ።

ምንትዋብ፦ እማዬ ነፍሷን ይማረውና፣ ፍየልም ቀድሞናል ትል ነበር።

ልሳኑ፦ ፍየሏማ ሮጣ ነው።

ምንትዋብ፦ ሰኞ ያመጣሁትን «ያፈሳል» አልከኝ። ውሃ ሞልተነው አደረ፤ ጠብ አላለም። ከዚያ ቀጥሎ ያመጣሁትን «ቀለሙ ያስጠላል» አልክ። የራዲያተር ቀለም ማን ያያል? ዛሬ ደግሞ አንዱ ቀጠነ፣ አንዱ ወፈረ።

ልሳኑ፦ ጥንቃቄ ነው። ጥንቃቄ ደግሞ ነውር የለውም።

ምንትዋብ፦ ሞተሩን ስንለውጥ እንዲህ አልነበርክም። ብሎን እያቀበልከኝ ትዘፍን ነበር።

ልሳኑ፦ ያኔ ሰርጉ ሩቅ ነበራ!

ምንትዋብ፦ ምን አልክ?

ልሳኑ፦ ሙቀቱ... ሙቀቱ ሩቅ ነበር ማለቴ ነው። ብርድ ነበር።

ምንትዋብ፦ ድሬ ላይ? አባባ፣ እስቲ እየኝ። እሁድ መኪናዋ ባትነሳ ምን የሚሆን መስሎህ ነው?

ልሳኑ፦ ምን ይሆናል። «ልጄ ከዚህ ግቢ የምትወጣው በፔዦዋ ነው» ብዬ ለሽማግሌዎቹ ቃል ሰጥቻለሁ። መኪናዋ ካልደረሰች እንግዲህ... ሳምንት ይገፋል። ቢበዛ እስከ ጥምቀት።

ምንትዋብ፦ ሲራክ እኮ በባጃጅም ቢሆን ይዞኝ ይሄዳል።

ልሳኑ፦ ባጃጅ ሙሽራና ሚዜ ጭኖ ደንገጎን ሊወጣ?

ምንትዋብ፦ እየገፋ ያወጣዋል። አታውቀውም።

ልሳኑ፦ አውቀዋለሁ እንጂ! መከራዬ እሱ አይደል? ልጁ ጥሩ ነው። ዋልጌ ቢሆን ኖሮ፣ አልድርም ብዬ በሬን ዘግቼ እተኛ ነበር።

ምንትዋብ፦ ና፣ እዚህ ጎማው ላይ ቁጭ በል። ትንሹን ትቼ ትልቁን ለምን እንደመረጥኩ ልንገርህ?

ልሳኑ፦ ብስኩት ስለሆነ።

ምንትዋብ፦ ለእሁድ ብቻ ከሆነ ብስኩቱም ይበቃል። በማለዳ፣ ፀሐይ ሳይከር፣ ቀስ እያልን ብንወጣ ያደርሰኛል። ፊቷም አይነካ፣ አንተም አትከፋ።

ልሳኑ፦ ታዲያ ጠዋት ሙሉ ምን ያጨቃጭቀናል?

ምንትዋብ፦ ከሰርጉ በኋላስ? መኪናዋን ማን ነው የሚነዳት?

ልሳኑ፦ እኔ ነኛ። ለማን ልሰጣት ኖሯል?

ምንትዋብ፦ ሲራክ አከራዩን ለምኖ የግቢውን በር ያሰፋው ለማን ይመስልሃል? እኛ እንደሆን መኪና የለን። ባለፈው ሲመጣ ሜትር ይዞ ፔዦዋን ዙሪያዋን ሲለካ አላየኸውም?

ልሳኑ፦ አይቼዋለሁ። ሊገዛት ነው ብዬ ፊት ነሥቼው ነበር።

ምንትዋብ፦ ነግሮኛል፤ ሲስቅ ነበር። «አባባ በየእሁዱ ምሳ ሲመጡ መኪናቸውን ውጪ አቁመው መግባት የለባቸውም» ብሎ ነው። አንተ ደግሞ ማለዳ ተነሥተህ አትወጣም፤ አውቅሃለሁ። በቀትር፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ የጡረታ ጓደኞችህን አሳፍረህ ነው ሽቅብ የምትለው። ይሄን ትንሹ አይችለውም። አባባ? ምነው?

ልሳኑ፦ ላብ ነው።

ምንትዋብ፦ እሺ፣ ላብ ነው። በዚያ ጨርቅ አትጥረገው፣ ዘይት ነክቶታል። ይኸው ሶፍት።

ልሳኑ፦ ፊት የነሣሁትን ልጅ...

ምንትዋብ፦ አልተቀየመም አልኩህ እኮ።

ልሳኑ፦ በይ ግራይንደሩን ሰኪው። ብረቱን ግን እኔ ነኝ የምቆርጠው፤ አንቺ ለእሁድ እጅሽን ጠብቂ። ትልቁን ወዲህ ሳቢልኝ።

ምንትዋብ፦ ቆይ፣ መነጽር አድርግ መጀመሪያ! ፍንጣሪው ዓይንህ ውስጥ ይገባል።

ልሳኑ፦ ምንቴ... በየእሁዱ ነው ያልሽኝ?

ምንትዋብ፦ በየእሁዱ።

ልሳኑ፦ ረቡዕም ብቅ ብል ሰውየሽ ይከፋዋል?