የግማሽ ሄክታር ውሃ

ከሜክሲኮ ወደ ካዛንቺስ በተሳፈርኩበት ታክሲ፣ ከፊቴ የተቀመጡ ሽማግሌ ገበሬ አጠገባቸው ላለችው ወጣት አንድ ወረቀት ዘረጉላት።

«ልጄ፣ እስቲ አንብቢልኝ። ውሃ ቢሮ ከመግባቴ በፊት ደግሜ ልስማው።»

«የመስኖ ውሃ ፈቃድ ነው፣ አባባ። ከወንዙ በፓምፕ ስበው ግማሽ ሄክታር እንዲያጠጡ ይላል።»

«ግማሽ ብቻ?»

«ግማሽ ብቻ። እርስዎስ ምን ያህል ተከሉ?»

«አንድ ሄክታር ሽንኩርት።»

«ኧረ አባባ! ፈቃዱን ሳያስነብቡ?»

«ተነቦልኛል። የቀረውን ዝናብ ይሞላልኛል ብዬ ነው።»

«ዝናቡ ግን አልፈረመልዎትም፣ አይደል?»

«ሳቂ አንቺ። ሽንኩርቴ እየደረቀ ነው። ውሃ እንዲጨምሩልኝ ልለምን ነው የመጣሁት።»

«ለእርስዎ ከጨመሩ፣ ከእርስዎ በታች ያለው ገበሬ ምን ያጠጣል?»



«በታች ያለችው ታላቅ እህቴ ናት። ጎመን ነው የተከለችው።»

«እና እሳቸው ምን አሉ?»

«ከሰሰችኝ።»

«ደግ አደረግሁ!» አሉ ከኋላዬ አንዲት አሮጊት። «ጎመኔን አድርቆብኛል።»

ልጅቷ ዞር ብላ ሳቀች።

«እንዴ! አብራችሁ ነው የመጣችሁት?»

«መንገዱን አታውቀውም፤ እኔ ነኝ ያመጣኋት» አሉ ሽማግሌው።

«እርስዎን እንዲከሱ?»

«ታዲያ ማን ያምጣት? እህቴ አይደለችም እንዴ?»

ካዛንቺስ ስንደርስ ሽማግሌው ቀድመው ወረዱና ለእህታቸው እጃቸውን ዘረጉላቸው።

«ቀስ በይ እትዬ፣ እንዳትወድቂ።»

«ቢሮ ስንገባ ግን ቀድሜ የምናገረው እኔ ነኝ» አሉ አሮጊቷ።

የእኔም መውረጃ እዚያው ነበር፤ ሁለቱ ተደጋግፈው አስፋልቱን እስኪሻገሩ ድረስ ግን ከወንበሬ አልተነሳሁም።