ሁለተኛው ጥሩምባ ያልተነፋበት ምክንያት

ስም፦ መሪጌታ ዘውዱ አያሌው
ዕድሜ፦ 67
ሥራ፦ ገበሬ፤ ቀድሞ የንባብና የዜማ መምህር
አድራሻ፦ ከደብረ ታቦር በስተ ምዕራብ፣ ቀይ አፈር መንደር
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ሐምሌ 21 ቀን 1931 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት
ቃል ተቀባይ፦ የጣቢያው ጸሐፊ እሸቴ ብሩ
ጉዳዩ፦ ደምሴ ወርቁ የመኪና መንገድ ቆርጧል፣ ለሽፍቶችም በጥሩምባ ምልክት አሰጥቷል ተብሎ በሞት በሚያስቀጣ ወንጀል ስለ መከሰሱ

ተከሳሹን ከልጅነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ፊደል ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ። ዝምድናም ጠብም የለንም።

መንደራችን ተዳፋት ላይ ነው። ሰኔ ሲገባ ማሳው እንዳይታጠብ ፈሰስ የምንለውን የውሃ መሄጃ በሰያፍ እናወጣለን። በረዶ ጥሎ ፈሰሱ ሲደፈንና ውሃው ተጠራቅሞ ሲቋት ጥሩምባ ይነፋል። በመጀመሪያው ጥሩምባ የላይኛው ሰው ዶማ ይዞ ይወጣል፣ የታችኛው ከብቱን ይፈታል። በሁለተኛው ውሃው ሊለቀቅ ነውና የታችኛው ሰው ቤቱን ትቶ ወደ ጉብታው ይሸሻል። ሁለተኛውን ሳይሰማ ከቤቱ የሚርቅ የለም። ጥሩምባውን አሥራ አራት ዓመት የያዝኩት እኔ ነኝ።

ዐምና አዲሱ የመኪና መንገድ ሲሠራ ትልቁ ፈሰሳችን በአፈርና በድንጋይ ተደፈነ። መውጫ እንዲተውልን ሁለት ጊዜ አመልክተን መልስ አላገኘንም።

ሐምሌ 17 ቀን ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት ገደማ ከባድ በረዶ ወረደ። ሲያባራ ከመንገዱ በላይ የተቋተውን ውሃ በመቋሚያዬ ለካሁት፤ እስከ ወገብ ይደርስ ነበር። ከመንገዱ በታች አራት ቤቶች ነበሩ። ለመንገዱ የሚቀርበው ብቻዋን የምትኖረው የወይዘሮ ትርንጎ ቤት ነው።

የመጀመሪያውን ጥሩምባ ነፋሁ። ትርንጎ ከደጇ ቆማ «ሰማሁ የኔታ፤ ጥጃዋን ልፍታ። ሁለተኛውን እንዳይረሱብኝ፣ ጆሮዬ እርስዎ ዘንድ ነው» አለችኝ። ደምሴና ሌሎች አምስት ሰዎች ዶማ ይዘው መጡ። መንገድ መቁረጥ እንደሚያስቀጣ ነገርኳቸው። ደምሴ «ውሃው በዚህ ሲወርድ አያቶቻችንም አግኝተውታል፤ ጣሊያን ዐምና መጥቶ በሩን ዘጋበት። ይልቅ በመቋሚያዎ ይጠቁሙን፤ ፊደሉንም እንዲሁ ነው ያስቆጠሩን» አለ። የድሮው ፈሰስ የነበረበትን ጠቆምኳቸው። ውሃው በአንድ ጊዜ ከወጣ ቤት ይወስዳልና ከዳር ጀምረው በጥቂት በጥቂቱ እንዲከፍቱ አዘዝኳቸው።

አንድ ክንድ ያህል እንደ ቆፈሩ ከጉብታው ላይ መንገዱን ከሚጠብቀው የጣሊያን ምሽግ ተኩስ ተከፈተ። ወታደሮቹ ጥሩምባውን የሽፍታ ጥሪ ነው ብለው መሆኑን የሰማሁት በኋላ ነው። ሰዎቹ ተበተኑ። ደምሴ ጉድጓዱ ውስጥ ተኝቶ «የኔታ፣ ሁለተኛውን ይንፉ፤ አፈሩ እየሄደ ነው» አለኝ። ጥሩምባው በእጄ ነበር። ድምፁን ተከትለው ይተኩሱብኛል ብዬ ፈራሁና በጋቢዬ ሥር ደበቅሁት። ይህን ማንም ሳይጠይቀኝ በራሴ የተናገርኩት ነው።

አንድ አቡነ ዘበሰማያት በሚደገምበት ጊዜ ውስጥ መንገዱ ተደርምሶ ውሃው በአንድነት ወረደ። ትርንጎን በማግስቱ ወንዝ ዳር አገኘናት። የጥጃዋ ገመድ እጇ ላይ ተጠምጥሞ ነበር።

ደምሴ የተያዘው ሲሸሽ አይደለም። ተኩሱ ሳያቆም ወደ ታች ሮጦ፣ ቤቷ በነበረበት ቦታ ጭቃውን በእጁ ሲቆፍር ነው።

መንገዱ እንዲቆረጥ ያዘዘ ማን ነው ለተባለው፣ እኔ ነኝ። ጥሩምባውን የነፋ ማን ነው ለተባለውም፣ እኔ ነኝ። ለሽፍታ የተነፋ ጥሩምባ የለም። ለትርንጎ መነፋት የነበረበት ግን አልተነፋም፤ ያስቀረሁትም እኔ ነኝ።

ጥሩምባው በማስረጃነት ተይዞ ጠረጴዛው ላይ አይቼዋለሁ። የተደረመሰው መንገድም ትናንት እንደ ገና በድንጋይ ተደፍኗል። ነሐሴ ገና አልገባም፤ ከመንገዱ በታች ሦስት ቤቶች ቀርተዋል። እኔ ልታሰር፤ ጥሩምባው ለደምሴ ይሰጠው። እሱ ሁለተኛውን ይነፋል።

ቃሌ ሁለት ጊዜ ተነቦልኝ ከተናገርኩት ጋር አንድ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። እውነት ነው፤ የጨመርኩበትም የደበቅሁትም የለም ስል በእጄ ፈርሜያለሁ።

የምስክሩ ፊርማ፦ መሪጌታ ዘውዱ አያሌው
የቃል ተቀባዩ ፊርማ፦ እሸቴ ብሩ