ስትሮለር የማይወጣው ዳገት

እናንተዬ፣ ፔሩ የሚባለውን አገር አየሁላችሁ! ልጄ ሰናይት ጥንት ኢንካዎች ተራራ አናት ላይ የሠሩትን የድንጋይ ከተማ ለማየት ስትመኝ ኖራ፣ እኔንና ሕፃን ልጇን ሶልያናን ይዛ ከሲያትል ወሰደችን። ዳገቱ ሥር ስንደርስ መንገዱ ሁሉ የድንጋይ ደረጃ ነው፤ የሶልያና መግፊያ ጋሪ፣ ስትሮለሩ፣ ንቅንቅ አልል አለ። ሶልያና ታለቅሳለች። «ልዘላት» ብላት፣ «ኖ እማዬ፣ ትጥያታለሽ!» አለችኝ። «አንቺንስ ማን አዝሎ አሳደገሽ?» ብላትም አልሰማ አለች። «በቃ እንመለስ» ብላ ዓይኗ እንባ ሞላ።

ይህን ጊዜ የራሷን ልጅ ያዘለች አንዲት ድንች ሻጭ ስትሮለሩን አይታ ሳቋን ለቀቀችው። ከዕቃዋ መሀል ቀይ የሱፍ ጨርቅ መዝዛ ወደ ጀርባዬ ጠቆመች። ሰናይት «ኖ» ከማለቷ በፊት እኔ ጎንበስ፣ እሷ ሶልያናን ጀርባዬ ላይ ጫን፣ ጫፉን ደረቴ ላይ ቋጠርኩት። «ተባረኪ የኔ እናት» አልኳት፤ እሷም በቋንቋዋ አንድ ነገር መለሰችልኝ። ተግባባን! እሹሩሩ እያልኩ ስወጣ ልጅቱ ወዲያው ድብን ብላ ተኛች። ሰናይት ባዶ ስትሮለሯን ተሸክማ ከኋላዬ «እማዬ፣ ቀስ በይ!» ትላለች። ያ ከተማ ከደመናው መሀል ብቅ ሲል እየሳቀች አቀፈችኝ። ስንመለስ ሴትዮዋ ጨርቁን አልቀበልም አለች፤ እኔም ነጠላዬን አለበስኳት።

ቅዳሜ ዕለት እዚሁ ሲያትል ጥግ፣ ስካይዌይ ሰፈራችን፣ ሶልያና አልተኛም ብላ ስታስቸግር፣ ሰናይት «እማዬ፣ ያ ቀይ ጨርቅ የት አለ?» አለችኝ። «ምን ሊያደርግልሽ?» ብላት፣ ጀርባዋን አዙራ ጎንበስ አለችልኝ።