እትዬ ማዶ ለአማታቸው ያስተማሩት ቋንቋ

የተከበራችሁ ቤተ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የሥራ ባልደረቦች፣ ዛሬ የምንሸኛቸውን የእትዬ ማዶን የሕይወት ጉዞ የማንበቡ አደራ የወደቀው በእኔ በዋርሳቸው፣ በባለቤታቸው ታናሽ ወንድም ላይ ነው። በሕይወት ሳሉ ወሬዬ እንደሚረዝም ሳይታክቱ ይነግሩኝ ስለነበር፣ ዛሬ እንኳ ለማሳጠር እሞክራለሁ።

እትዬ ማዶ ከወሰን ባሻገር፣ በሐይቅ ዳር በምትገኝ የወደብ ከተማ፣ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ከነበሩት አባታቸውና ጨርቃ ጨርቅ ይነግዱ ከነበሩት እናታቸው ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስም በዚያው ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቀው፣ የልብስ ስፌት ሙያ ተምረው፣ በእናታቸው ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ይሠሩ ጀመር። የውኃ ፓምፕ ቴክኒሻን የሆኑት ታላቅ ወንድሜ ለሥልጠና ወደዚያች ከተማ ተልከው ሳለ፣ የተቀደደ ሱሪ ለማሰፋት ወደዚያ በረንዳ ጎራ አሉ፤ ከዚያ ወዲያ ሱሪያቸው በየሳምንቱ የሚቀደድበት ምክንያት ለሥልጠና ጓደኞቻቸው ምስጢር አልነበረም።

ወንድሜ ሙሽራቸውን ይዘው ሲመጡ ቤታችን በሙሉ ልብ ተቀበላቸው ብል ሟቿ ከተኙበት ይታዘቡኛል። አጎታችን «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» ብለው ሲተርቱ፣ ወንድሜ ደግሞ ወሰኑን ያሰመረው ሰው ቅድመ አያቶቻችንን እንዳላማከረ፣ ከወዲህም ከወዲያም ያለነው አፍሪካውያን መሆናችንን እያነሡ ሲሞግቱ ሰነበቱ። እናታችን ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ልጅ አንደበቱ ወደ ሄደበት ይሄዳል ብለው ይፈሩ ነበርና፣ የሚወለዱት ልጆች ከእኛ ቋንቋ በቀር ሌላ እንዳይማሩ ቃል አስገቡ። እትዬ ማዶም ለፍቅራቸው ሲሉ ቃል ገቡ። ምን ያህል ከባድ ቃል እንደነበረ ያን ጊዜ ከመካከላችን ያስተዋለ አልነበረም።

የሰፈሩ ሰው «የማዶዋ» ይላቸው የነበረው እንግድነታቸውን ለማስታወስ ነበር። እርሳቸው ግን ስሙን እንደ ሹመት ተቀብለው በደጃፋቸው ላይ «ማዶ ልብስ ስፌት» ብለው ስላጻፉበት፣ ሰዉም አፈር ብሎ «እትዬ» ጨመረበት። አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅም ወለዱ፤ ቃላቸውንም ጠብቀው፣ የእኛን ቋንቋ እያወላገዱና እየተኮላተፉ አሳደጓቸው።

ባለቤታቸው ወደ ሥራ፣ ልጆቹ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ፣ ቤት የሚቀሩት አማትና ምራት ነበሩ። እትዬ ማዶ እየሰፉ በቋንቋቸው ማጉተምተም ልማዳቸው ነበርና፣ እናታችን «እኔን እየረገመች ነው» ብለው ስለጠረጠሩ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው የእያንዳንዱን ቃል ትርጉም ይጠይቁ ጀመር። የሚረገመው ክር የሚበጥሰው መርፌ መሆኑን ሲያረጋግጡ ጥርጣሬው ቀረ፤ ጥያቄው ግን አልቀረም። ለስለላ የተጀመረው ትምህርት እየጣመ ሄዶ፣ ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ሁለቱ ሴቶች በማዶው ቋንቋ ሲያወሩ፣ ሲሣሣቁና እንግዳ ፊት ተቀምጠው እንግዳውን ሲያሙ ይውሉ ጀመር። እኔ በገባሁ ቁጥር አንድ ነገር ተባብለው ይስቁብኝ ነበር፤ ምን እንደሚሉ እስከ ዛሬ የነገረኝ የለም። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ግን ሁለቱም ጸጥ ይሉ ነበር።

ልጃቸው ጎረምሳ ሳለ የእናቱን ዘመዶች ሊጠይቅ ወደ ማዶ ሄዶ፣ ሴት አያቱ እጁን ይዘው ሲያወሩለት ውለው አንዲት ቃል እንኳ ሊመልስላቸው ሳይችል ተመለሰ። እናቱንም «ለአባቴ እናት ያስተማርሽውን ቋንቋ እኔን ለምን ነፈግሽኝ?» ብሎ ጠየቃቸው። እትዬ ማዶ ቃል የገቡበትን ነገር ሳይናገሩ አለቀሱ። ይህን የሰሙት እናታችን ቤተ ሰቡን ሰብስበው፣ የከለከሉት እርሳቸው መሆናቸውን ተናግረው፣ ምራታቸውን በማዶው ቋንቋ ይቅርታ ጠየቁ፤ ቃሉንም አነሡላቸው። ያንኑ ዕለት ማስተማር ቢጀመርም የልጃቸው ምላስ ደርቆ ነበርና፣ አያትየው በስተርጅና የተማሩትን ቋንቋ አቀላጥፈው እየተናገሩ የልጅ ልጃቸውን ሲያርሙ ማየት የቤታችን ትልቁ መዝናኛ ሆነ።

ልጆቻቸው ካደጉ በኋላ እትዬ ማዶ በሆስፒታል የልብስ ክፍል ተቀጥረው፣ አንሶላና የሕሙማን ልብስ እየሰፉ፣ የአዲስ ሠራተኞችን ስፌት እየተረተሩ እንደገና እያሰፉ፣ እስከ ጡረታቸው አገለገሉ። እናታችን ባረፉ ጊዜ ግን ከሁላችንም ይልቅ የተጎዱት እርሳቸው ነበሩ፤ በዚህ ከተማ ውስጥ ከልባቸው የሚያወሩት ሰው ሄዶባቸዋልና። ልብ ካዘነ እንባ አይገድም እንዲሉ፣ ለረጅም ጊዜ አለቀሱ። ሳቃቸው የተመለሰው ልጃቸው ሴት ልጅ ወልዶ፣ ሕፃኗን ከመጀመሪያ ቃሏ ጀምሮ በማዶው ቋንቋ እንዲያሳድጉለት በእቅፋቸው ባኖራት ጊዜ ነው።

ባለፈው ዓመት ድንገት በደረሰባቸው የአንጎል ደም መፍሰስ ምክንያት የእኛ ቋንቋ ከአንደበታቸው ጠፍቶ፣ የልጅነታቸው ብቻ ቀረላቸው። በሆስፒታል ተኝተው ሲቆጡ ነርሶቹ ሕመም የጸናባቸው መስሏቸው ሲሯሯጡ፣ የልጅ ልጃቸው ሰምታ፣ የሚቆጡት የአንሶላው ጠርዝ አጓጉል ስለተቀመቀመ መሆኑን ተረጎመችላቸው። ከዚያ ወዲያ ልጅቱ ከአጠገባቸው አልተለየችም፤ ያሻቸውን ጠይቀው፣ የሚሉትን ብለው፣ ሳይቸገሩና ሳይከፉ በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው አረፉ።

እትዬ ማዶ ከባለቤታቸው፣ ከወንድና ከሴት ልጃቸው፣ ከአንዲት የልጅ ልጃቸውና በማዶ ካለች አንዲት እህታቸው ተለይተዋል። እህታቸው ለቀብሩ መድረስ ባለመቻሏ፣ በአገራቸው ሰው ሲሸኝ የሚባለውን የመጨረሻ ጸሎት በስልክ ልካለች። ፈጣሪ ነፍሳቸውን በቸርነቱ ይቀበል፣ ለቤተ ሰቡም መጽናናትን ይስጥ እያልኩ፣ እኔ እዚህ ላይ ላብቃ፤ ጸሎቱን የልጅ ልጃቸው በቋንቋቸው ታደርሳለች፣ ልጃቸውም አጠገቧ ቆሞ፣ እየተንተባተበም ቢሆን፣ አብሯት ይላል።