ያልወጣችው የዲዋኒው እጅ

«ታዲያ እጅህን ለምን አላወጣህም?»

«አዴ፣ ለአካባቢያችን ለኦቦ የውሃ ጉድጓድ እንዲሰጥ ከሁሉም አብልጬ የተናገርኩት እኔ ነኝ።»

«መናገሩንስ ተናገርክ። ድምፅ ሲሰጥ እጅህ የት ነበር?»

«ጉልበቴ ላይ። በእኛ ጉባኤ ዝም ያለ ሰው ተስማምቷል ማለት ነው። ሽማግሌ እንደ ተማሪ እጁን ያወጣል እንዴ?»

ወደ ኦቦ የሚወስደን ሚኒባስ፣ ማታቱው፣ ሞያሌ መነሻው ላይ ሰው እስኪሞላለት ቆሟል። ሰውየው በካውንስሉ የኦቦ ተወካይ፣ በእኛ አጠራር ዲዋኒ ነው፤ «አዴ»፣ እናቴ፣ የሚላቸው ሴትዮ ከመረጡት አንዷ ናቸው።

«ካውንስል ዝምታ አይቆጥርም፣ ዲዋኒ! ጉድጓዱ ለሶሎሎ ተሰጠ በለኛ!»

«አልተሰጠም። ከሶሎሎ ጋር እኩል ለእኩል ወጣን። ከምሳ በኋላ እንደገና ድምፅ ይሰጣል።»

«ዛሬ?»

«ዛሬ። የእኔን አቋም እንደሆነ ሁሉም ያውቀዋል።»

«ወላሂ፣ ፍየሎቼም ያውቁታል! ያንተ እጅ ብትጨመር አልቆ ነበር እኮ። ተነስ፣ ውረድ!»

«መኪናው ሊሄድ ነው፣ አዴ።»

«ይሂድ! ቅደም። እኔም ካውንስሉ አዳራሽ ከኋላ ተቀምጬ ያቺን እጅህን አያታለሁ።»

እሱ ቀድሞ፣ እሳቸው ተከትለው ወርደው በሩ ድርግም ብሎ ሲዘጋ፣ እኔ ቦርሳዬን ባዶ ወንበራቸው ላይ አስቀመጥኩ።